ስሜ ሲጠራ አንገቴን እደፋለሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። ዕድሜዬ 25። የተወለድኩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ስሙን ያወጣችልኝ የአባቴ እናት ናት። እዚያ ሳለሁ ስሜ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ግን መምህሩ ስም ሲጠራ እኔ ላይ ሲደርስ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አንዱ «አያቴም ተመዝግባለች እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ «ማኒ እባላለሁ» ማለት ጀመርኩ።

አሁን አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ደረቴ ላይ ያለው ባጅ ሙሉ ስሜን ይዟል። ደንበኞች ያነቡታል። አንዳንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዱ ሙድ ይይዛል። ባለፈው አንድ ሰውዬ ጮክ ብሎ አነበበና «ማን ጠገበሽ? እኔ ልጥገብሽ?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ሻርፔን ሳብ አድርጌ ባጁን ሸፈንኩት። አሁን ጠዋት ስገባ ጀምሮ እንደሸፈንኩት ነው የምውለው።

ከሁለት ወር በኋላ ሠርጌ ነው። እጮኛዬ ስሜ ምንም አይመስለውም። እህቱ ግን «የጥሪ ካርዱ ላይ ማኒ ይባል፤ ያ ስም ለካርድ አይሆንም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከዚያም አልፌ በፍርድ ቤት «ሜላት» ወደሚል ስም ልቀይር ብዬ ማመልከቻ አስጽፌአለሁ። ገና አላስገባሁትም። ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እናቴ ያወጣችው ስም ነው። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ዘጋው። አያቴ በሕይወት አለች፤ ይህን ሁሉ አልሰማችም።

ካርዱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ስሜን መቀየር ጥፋት ነው? ስሜስ በእርግጥ የፋራ ስም ነው? ምን ላድርግ?

ማኒ (ማንጠግቦሽ)

መልስ፦

ውድ ማንጠግቦሽ፣

ሙሉ ስምሽን የጻፍኩት ላስከፋሽ አይደለም። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንቺው ጽፈሽዋል፤ በቅንፍ ውስጥ። እዚያች ቅንፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጭራሽ የጠላሽው ስም ቢሆን ባልጻፍሽው ነበር። ከልብሽ ብትወጂው ደግሞ ቅንፍ ባላስፈለገው። አንቺ ራስሽ ገና እንዳልቆረጥሽ የነገረኝ ከማመልከቻው ይልቅ ያ ቅንፍ ነው።

መጀመሪያ የባንኩን ሰውዬ ከመንገዳችን እናውጣው። እሱ ያደረገው ነገር ከስምሽ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሥራ ቦታ ላይ ያለችን ሴት በሰው ፊት ነው የለከፈው። ባጅሽ ላይ ሜላት ተብሎ ቢጻፍም ያ ሰው የሚለው አያጣም ነበር። ስለዚህ ይህን ለአለቃሽ ንገሪ። «ስሜን አይቶ ሳቀ» ብለሽ ሳይሆን «ደንበኛ እንዲህ ብሎ ለከፈኝ» ብለሽ። የተናገረውን ቃል በቃል አስቀምጪው። ባጁ ላይ የአባት ስም ብቻ ወይም የሠራተኛ ቁጥር ማድረግ ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ስምሽን ትወጂውም አትውደጂው፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ደረት ላይ ለጥፎ መዋል ግዴታሽ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን እህቴ፣ የባለጌን አፍ ለማዘጋት ተብሎ ስም አይቀየርም።

የዩኒቨርሲቲው ሳቅ ግን ሌላ ነው። እሱ ዘልቆ ገብቷል። «እኔም አብሬ ሳቅኩ» ያልሽው ላይ ልቤ ነው የተነካው። ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ልጅ፣ ማንንም በማታውቅበት ክፍል፣ ብቻዋን ላለመቅረት ስትል በራሷ ስም ስትስቅ ታየችኝ። የዚያን ቀን ሌላ ምን ልታደርጊ ትችይ ነበር? ምንም። ማኒ የተወለደችው እዚያ ነው። ማኒ ጥሩ ጓደኛ ሆናሻለች፤ አራት ዓመት ዶርም አብራሽ ኖራለች፣ ሥራ አስይዛሻለች፣ እጮኛሽን አስተዋውቃሻለች። እሷን መጣል የለብሽም። ትዕግስት ቲጂ፣ ቤተልሔም ቤቲ እንደምትባለው ማለት ነው። የቁልምጫ ስም ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ሙሉ ስምን መደበቂያ ሲሆን ነው፤ አንቺን እየጎዳሽ ያለውም እሱ ይመስለኛል።

አሁን ስምሽን አብረን እንየው። ትርጉሙን እንደምታውቂው አውቃለሁ። ግን ለመጨረሻ ጊዜ ቀስ ብለሽ ያየሽው መቼ ነው?

«ማን» ጥያቄ ነው። «ጠግቦሽ» ደግሞ «አንቺን ጠግቦ» ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር እንደ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አይቶ፣ ጠግቦ ያሉት ቦዝ አንቀጽ ይባሉ ነበር። ቦዝ አንቀጽ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። «በልቶ ሄደ» እንላለን እንጂ «በልቶ» ብለን አናቆምም፤ የሚሰማን ሰው «እሺ፣ በልቶስ?» ይለናል። የአንቺ ስም ግን ልክ እዚያ ላይ ቆሟል። ማን ጠግቦሽ… ከዚያስ? ማን ጠግቦሽ ከአጠገብሽ ይነሣል? ማን ጠግቦሽ ዐይኑን ከአንቺ ይነቅላል? ማን ጠግቦሽ ለሰው ይሰጥሻል? አያትሽ አንቺን ታቅፋ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ነው። ማሰሪያውን አላገኘችለትም፤ ወይም እንዲኖረው አልፈለገችም።

ሁለተኛው ነገር መጨረሻዋ ፊደል ናት፤ «ሽ»። ብዙ ስሞች ስለ ሰውየው ነው የሚናገሩት። አበበች ስትባል ስለ እሷ ለሌላ ሰው እየተነገረ ነው። በለጠችም እንደዚያው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ተዋበችም እንደዚያው። በ«ሽ» የሚያልቁት ግን ፊታቸውን ወደ ልጅቷ አዙረዋል። ወርቅነሽ፣ ዓለምነሽ፣ እናትነሽ፣ ብዙነሽ፣ ማንያህልሽ። እነዚህ ለልጅቷ ለራሷ የተነገሩ ናቸው። ስም አውጪው አንድ ጊዜ ፊቷን አይቶ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የጠራት ሰው ሁሉ ያንኑ ይደግመዋል። እናቷ «ውኃ ቅጂ» ብላ ስትጠራት፣ መምህሩ ሲቆጣት፣ ጓደኛዋ ከገበያ ማዶ ስትጮህላት፣ ሁሉም ሳያስቡት ያንን ቃል ለእሷ መልሰው ይነግሯታል።

ጥሩነሽ ዲባባን አስቢያት። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስታጠልቅ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ስሟን እየጠራ ነበር። አማርኛ የማያውቅ ሰው በቴሌቪዥን «ጥሩ ነሽ፣ ጥሩ ነሽ» እያለ ሲጮህ ነው የዋለው። እሱ ስም የጠራ ነው የመሰለው።

ሌላም አለች። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለው ቦታ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ቅሪተ አካል። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት። እኛ ደግሞ ድንቅነሽ አልናት። ልብ በይ፣ «ድንቋ» ማለት ይቻል ነበር። «ድንቅ ግኝት» ማለትም ይቻል ነበር። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት በኋላ አጥንቷን አይተን «ድንቅ ነሽ» ብለን አናገርናት። አንድን ፍጥረት ስንወድ እንደዚህ ነው ስም የምናወጣው። አንቺ የፋራ የምትይው ስም ከእሷ ስም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

የአንዳንዱ ስም ደግሞ ስለ ስም አውጪው ነው የሚያወራው። የእኔ እናት ብዙአየሁ ትባላለች። ልጅ ሆኜ ይህ ለእኔ ስም ብቻ ነበር። ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን አያቴን «ለምን ብዙአየሁ አልሻት?» አልኳት። ቡና እየለቀመች ነበር። እጇን አላቆመችም። «ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬ ነበራ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እሰማው የነበረው ስም የአያቴ ሐዘን እንደነበረ ያን ዕለት አወቅሁ። ይህን የምነግርሽ አያትሽም እንዲህ ያለ ነገር አላት ብዬ አይደለም። የአንቺን ስም ታሪክ እኔ አላውቀውም። አንቺስ ታውቂዋለሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ «ያወጣችልኝ የአባቴ እናት ናት» ከሚለው ውጪ ምንም የለም። ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር? ከአንቺ በፊት የተወለደ ነበር? ስምሽን ያለችው ገና እንዳየችሽ ነው ወይስ ቀናት ቆይታ? ሌላ ስም ታስቦልሽ ነበር? አባትሽስ ያኔ ምን አለ?

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የፋራ ስም ነው ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፤ የድሮ ስም ነው። ዛሬ ልጁን ማንጠግቦሽ የሚል ወጣት ወላጅ ብዙ አታገኚም። በሰው አፍ ላይ የሚኖረው ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን ጋር ነው፤ ከከተማ ይልቅም ገጠር ውስጥ ቆይቷል። ያ ልጅ «አያቴም ተመዝግባለች እንዴ?» ያለው ጨዋነት ባይኖረውም እውነትነት አለው። ምናልባትም በእርግጥ የአያቱ ስም ነው።

ግን ስም እንደ ልብስ ፋሽን አለው። የእኔን ዘመን የክፍል ስም መጥሪያ ብታዪው አልማዝ፣ አበበች፣ ወርቅነሽ፣ ብዙነሽ የሞላበት ነው። አልማዝ ያኔ የከተማ ልጅ ስም ነበር፤ ዛሬ የእናት ስም ሆኗል። ከዚያ ትዕግስት፣ ሕይወት፣ መሠረት መጡ። ከዚያ ቤተልሔም፣ ሃና፣ ሜሮን። አሁን መዋለ ሕፃናት በር ላይ ቆመሽ ብትሰሚ ሶልያና፣ ሔመን፣ ኤልዳና ሲባል ነው የምትሰሚው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነጠላ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ እማማ ሶልያና ይኖራሉ። ያኔም አንድ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ሶልያና ስሟ ሲጠራ ከኋላ ይሳቅባት ይሆናል።

ሜላትም ቢሆን ቆንጆ ስም ነው። የመረጥሽው ለዛውን ወደሽው መሆኑ ይገባኛል፤ አጭር ነው፣ አፍ ላይ ቀላል ነው። ግን የግዕዝ ቃል መሆኑን ታውቂያለሽ? ነገሥታትና ባለጸጎች የሚለብሱት የከበረ ቀይ ልብስ ሜላት ይባል ነበር። ከአንቺ ስም ይልቅ የቆየ ቃል ነው። ስለዚህ አሮጌ ስም ትተሽ አዲስ ስም እየወሰድሽ አይደለም። የሚያስቀውን ትተሽ የማያስቀውን እየወሰድሽ ነው። ይህ ልዩነት ከወዲሁ ቢታወቅሽ ይሻላል።

መቀየር ጥፋት ነው ወይ? አይደለም። በእኛ አገር ሰው በአንድ ስም ብቻ ኖሮ አያውቅም። የክርስትና ስም አለን፣ የቤት ስም አለን። ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ካሣ ነበሩ። ራስ ተፈሪ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፤ የክርስትና ስማቸውን ነው ያወጡት። ስም መቀየር ዘርን መካድ ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። ሕጉም ይፈቅድልሻል፣ ዕድሜሽም ደርሷል።

እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማታ ብቻሽን ስትሆኚ ራስሽን ጠይቂ፦ ያ ክፍል ባይስቅ ኖሮ ይህን ስም እጠላው ነበር? «አዎ፣ ከልጅነቴም አይዋጥልኝም» ካልሽ፣ ቀይሪው፤ እኔም ደስ ይለኛል። «ኧረ ልጅ ሆኜስ እወደው ነበር» ካልሽ ግን ልትገላገይው የፈለግሽው ስሙን ሳይሆን ያንን ሳቅ ነው። ሳቁ ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ አይፋቅም። ሜላት ሆነሽም ከአገርሽ የመጣ ሰው መንገድ ላይ «ማንጠግቦሽ!» ብሎ ሲጠራሽ መደንገጥሽ አይቀርም።

ስለ አባትሽም ላንሣ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» የሚለውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። አባት እንዲህ ሲል አልፈቀደም፣ አልከለከለምም። ተጎድቷል፤ ግን ልጁን ማስጨነቅ አልፈለገም። ቢቆጣ ኖሮ ይቀልሽ ነበር። አባትሽ ያሰበው እናቱን ይመስለኛል። «ይህን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?» የሚል ጭንቀት ነው ዝም ያሰኘው። እንደገና ደውዪለት። ስለ ማመልከቻው አታንሺ። እንዲህ በዪው፦ «አባዬ፣ ያን ቀን የዘጋኸው ከፍቶህ እንደሆነ ገብቶኛል። ገና አልወሰንኩም። እትዬን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም።» አያትሽን የምትጠሪበትን እንጃ፤ እንደምትጠሪያት አድርገሽ በዪው። የሚናገረውም ነገር ካለ አትቸኩዪ፣ አስጨርሺው።

ማመልከቻውን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። አትቅደጂው። ካርዱ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ አለው፤ ፍርድ ቤቱ ግን የትም አይሄድም። አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥረሽ ነው የተጨነቅሽው። በዚያ ላይ ስም መቀየር የፍርድ ቤት ውሳኔ ተቀብሎ መምጣት ብቻ አይደለም። ዲግሪሽ፣ የትምህርት ካርዶችሽ፣ የልደት ምስክር ወረቀትሽ፣ መታወቂያሽና ፋይዳሽ፣ የሥራ ቅጥርሽ፣ የባንክ ደብተርሽ፣ ፓስፖርት ካለሽ እሱም፣ ሁሉም እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። አንዱ ሜላት፣ ሌላው ማንጠግቦሽ ካለ በየቢሮው «ይህቺ ማን ናት?» የሚል ጥያቄ ይከተልሻል። በሠርግ ሩጫ መሐል የሚጀመር ሥራ አይደለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽ በየትኛው ስም እንደሚወጣም ቀድመሽ አስቢበት። ከሠርጉ በኋላ ስድስት ወር ቆይተሽ አሁንም ከፈለግሽው፣ ረጋ ብለሽ አንድ በአንድ ትጨርሺዋለሽ።

ደግሞ ይህንንም አስቢ። ስታገቢ ስምሽ አይለወጥም። አሁን ካለሽ ስም ላይ የባልሽ ስም አይቀጠልም፤ ልጆችሽም ከስማቸው ቀጥሎ የአባታቸውን ነው የሚይዙት። ከስምሽ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱም የሌላ ሰው ናቸው፤ የአባትሽና የአያትሽ። የራስሽ የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ማንም አይወርሰውም፣ ማንም አይጋራሽም። ለዚህ ነው ለስምሽ መጨነቅሽ ትንሽ ነገር የማይመስለኝ።

ካርዱን በተመለከተ እኔ ብሆን ሙሉ ስሜን አጽፈዋለሁ። «ማንጠግቦሽ (ማኒ)» ብለሽ። ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽውን ገልብጠሽ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞችሽ ማኒን ያገኟታል። የአባትሽ ጎረቤቶችና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ማንጠግቦሽን ይፈልጋሉ፤ ማኒ የምትባል ልጅ አያውቁም። ማኒ ብቻ የሚል ካርድ አባትሽ እንዴት አድርጎ ለሰው እንደሚያድል እስቲ አስቢው። በየቤቱ እየገባ «ማኒ ማለት የእኔ ልጅ ናት» እያለ ሊያስረዳ ነው።

ለእጮኛሽ እህት አንቺ መልስ አትስጪ። ገና ወደ ቤተሰቡ እየገባሽ ነው፤ ነገር እንዳይጠና እሱ ይንገራት። «ምንም አይመስለውም» ያልሽኝ ግን ትንሽ ከነከነኝ። ምንም አይመስለውም ወይስ ይወደዋል? ጠይቂው። ጥያቄውም ቀላል ነው፦ «አንተ በየትኛው ስሜ ልትጠራኝ ትፈልጋለህ?» በዪው። ምን እንደሚል አይታወቅም። በማኒ የተዋወቀሽ ሰው፣ ሙሉ ስምሽን ከአንቺ አፍ በደንብ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

እስከዚያው ሁለት ነገር ሞክሪ። የምትቀርቢያቸው ሁለት ጓደኞችሽ ለአንድ ሳምንት ሜላት ብለው ይጥሩሽ። ዞር ትያለሽ? ስትሰሚው ቀለል ይልሻል ወይስ የሌላ ሰው ልብስ የለበስሽ ይመስልሻል? ሁለተኛው፣ ለአንድ አዲስ ለምትተዋወቂው ሰው ሙሉ ስምሽን ንገሪ። ቀስ ብለሽ፣ ፊቱን እያየሽ፣ ቀድመሽ ሳትስቂ። እስካሁን ስሙን ስትናገሪ ሰው ከመሳቁ በፊት አንቺ ፈገግ የምትዪ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። ሰው የሚስቀው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ መንገዱን ሲጠርግለት ነው።

ዋናው ግን አያትሽ ናት። ለሠርጉ ዘመድ ለመጥራት መሄድሽ ስለማይቀር ጉዞውን ወደዚህ ሳምንት አምጪው። በስልክ አይሆንም። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅዳሜ ሄደሽ እሑድ ማታ ትመለሻለሽ። ስትደርሺ ስለ መቀየሩ አትጀምሪ። ቡና ይፈላ። ከዚያ «ስሜን ያወጣሽልኝ ቀን እንዴት ነበር?» በያት። ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርገሽ አጠገቧ አስቀምጪው፤ ንገሪያት ደግሞ፣ ደስ ይላታል። በመሐል ዝም ብትል አታቋርጫት። አሮጊቶች ዋናውን ነገር የሚናገሩት ከዝምታ በኋላ ነው።

ሰምተሻት ስታበቂ ከእንግዲህ ስሙ የማይከብድሽ ከሆነ፣ መልካም። አሁንም መቀየር ከፈለግሽ ግን እዚያው ንገሪያት። ከሰው አትስማው። «እትዬ፣ ከተማ ውስጥ ሌላ ስም ልይዝ ነው፤ አንቺ ግን ያልሽኝን ማለትሽን እንዳትተዪ» በያት። ቅር ሊላት ይችላል። ግን በሬድዮ ካለ ዜና ይልቅ ከልጅ ልጇ አፍ የሰማችው ይቀላታል።

ባጅሽንም ይዘሽላት ሂጂ። ፊደል ካልቆጠረች ጣቷን ይዘሽ በላዩ ላይ እያስኬድሽ አንብቢላት፤ ስድስት ፊደል ነው። የባንክ ሠራተኛ የልጅ ልጇ ደረቷ ላይ የእሷን ቃል ይዛ እንደምትውል ማንም የነገራት አይመስለኝም። ምን እንዳለችሽ ካርዱ ከመታተሙ በፊት ጻፊልኝ።